አንድ መልስ ለአራት ሰው

እንግሊዝኛ በላብ ሲያጠምቀኝ የመጀመሪያዬ አልነበረም። የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር ሦስት የተከበሩ ሰዎች በአንድ ድምፅ ሲጨርሱልኝ ግን፣ ወላሂ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ዛሬ ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ። ያን ቀን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ከሥር ከመሠረቱ ላጫውታችሁ። አደራ፣ መሀል ላይ እንዳትሰለቹብኝ፤ ነገሩ የሚጥመው ወደ ኋላ ላይ ነው።

ስሜ አሲያ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለችው መንጌ ነው። ቤታችን የሚወራው በርታኛ ነው፤ አማርኛን ከትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ከመማሪያ መጽሐፍ ለቃቀምኩ። ያኔ አሶሳ ውስጥ በአንድ የንጹሕ ውኃ ፕሮጀክት ላይ የመስክ ሠራተኛ ነበርኩ። በሞተር ሳይክል በየቀበሌው እየዞርኩ የእጅ ፓምፕ የሚጠብቁ የውኃ ኮሚቴዎችን አሰለጥናለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ አስተርጓሚው እኔው ነኝ። ሴት ልጅ ሞተር ላይ ስትወጣ ሰዉ መጀመሪያ ጉድ ይላል፣ ቀጥሎ ይለምደዋል፣ በመጨረሻ "አሲያ፣ ባምባሲ ከሄድሽ ይቺን ለእህቴ አድርሺልኝ" ብሎ ዕቃ ይጭንባታል።

በዚያ ዓመት ፕሮጀክቱ ወደ ማለቂያው ተቃረበና የሁላችንም ኮንትራት ሰኔ ላይ እንደሚያበቃ ተነገረን። ከሰኔ በኋላ የሚቀጥለው የአንድ ሰው ሥራ ብቻ ነበር፤ የአስተባባሪነት ቦታ። እሱን ካገኘሁ አሶሳ እቀራለሁ፤ አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ፋጡማም ሁለተኛ ደረጃን እዚሁ ትጨርሳለች። ካጣሁት ግን የተከራየኋትን ክፍል አስረክቤ፣ እህቴን ይዤ፣ መንጌ ወንድሜ ቤት መግባቴ ነው። ወንድሜ ደግ ሰው ነው። ችግሩ በሄድኩ ቁጥር ከምሳው ጋር አንድ ባል አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀኝ።

ለቦታው ያመለከትነው አራት ነን። አንደኛው ደረጀ ነው፤ ከጎጃም ተቀጥሮ የመጣ፣ ከሰውነቱ ድምፁ የሚቀድም ልጅ። ሁለተኛዋ ትዕግስት፣ ቢሮ ውስጥ ሪፖርት የምታዘጋጅ፣ ስትናገር ቃል የምትቆጥብ ሴት ነች። ሦስተኛው ሰይድ ነው። ወላጆቹ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። ከሰይድ ጋር አንድ ሞተር እየተፈራረቅን ስንነዳ ብዙ አቧራ አብረን በልተናል። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ተገላግላ ገና አራስ ነበረች። አራተኛዋ እኔ ነኝ።

ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ መሆኑን ስንሰማ አራታችንም ደነገጥን። ሌላ አገር ቢሆን እያንዳንዱ በሩን ዘግቶ ያጠና ነበር። እኛ ግን ተያይዘን ቲቸር ገመቹ ዘንድ ሄድን። ለአንድ ወንበር የሚሻሙ ሰዎች አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ሲያጠኑ ካያችሁ የእኛ ሰፈር ሰዎች ናቸው በሉ።

ቲቸር ገመቹ ከወለጋ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በእንግሊዝኛ መምህርነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያናቸው ጀርባ ባለች ክፍል ከሥራ መልስ ሠራተኞችን ያስተምራሉ። የመጀመሪያ ቀን ጠመኔያቸውን አንሥተው ምንም ሳይጽፉ አፈጠጡብን።

"እናንተ ልጆች ቃል ታውቃላችሁ፤ ግን ቃል ብቻውን አያርስም፤ ጥማድ ይፈልጋል" አሉ። "በአማርኛ ማኅበር ይጠጣል። ማኅበር ይበላል ትላላችሁ እንዴ?"

"አንልም" አልን።

"ቂምስ? ይቋጠራል። ቂም ይታሰራል ያለ ሰው ምን ይባላል?"

"እንግዳ ነው ይባላል" አለች ትዕግስት።

"አዎ! እንግሊዝኛም እንደዚያው ነው። ልምድ ‘ሜክ’ አይደረግም፤ ‘ጌይን ኤክስፒሪየንስ’ ነው። ኃላፊነት ‘ቴክ ኦን’ ነው። ግብ ‘ሴት’ ነው። ሰው እምነት እንዲጥልባችሁ ስታደርጉ ‘ቢልድ ትረስት’ ነው። ስለ ሥራ ዕድገታችሁ ስታወሩ እነዚህን በሬዎች ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ነው የምታወጡት።"

"ቲቸር፣ ማነው ያጣመዳቸው ግን?" አለ ደረጀ።

"ማን እንዳጣመዳቸው ምን አገባህ? አንተ እረስ!"

በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ስጦታ ሰጡን። "ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ የምትል ጥያቄ አትቀርም" አሉና ቀስ እያሉ፣ እንደ ጸሎት እየጎተቱ፣ አስጠኑን፦ "አይ አም ሉኪንግ ፎር ኤ ኒው ቻሌንጅ፤ አይ ዋንት ቱ ቴክ ማይ ካሪየር ቱ ዘ ኔክስት ሌቭል።" አዲስ ፈተና እየፈለግኩ ነው፤ የሥራ ሕይወቴን ወደሚቀጥለው ደረጃ ማሳደግ እፈልጋለሁ ማለት ነው። እንዴት ያምራል! ሞተር ላይ ሆኜ እለዋለሁ፣ ዕቃ ሳጥብ እለዋለሁ። ፋጡማ ሳትቀር በቃሏ ያዘችው። አራታችንም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይዘን አንድ በር እንደምንገባ ግን አንዳችንም አላሰብንም። ይህን ለማሰብ ተቀናቃኝ መሆን ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ተቀናቃኝነቱን አላወቅንበትም።

ቀኑ ደረሰ። ቃለ መጠይቁ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ለስብሰባ በሚያከራዩት ክፍል ነበር። ከአዲስ አበባ ዋና ቢሮ ወይዘሮ ሰብለ የሚባሉ ሰብሳቢ መጥተዋል፤ ከናይሮቢ ሚስተር ጆሴፍ የሚባል ኬንያዊ ባለሙያ አብሯቸው አለ፤ ሦስተኛው የሰው ሀብት ኃላፊው ነው። እኛ ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረናል። ሰይድ የሠርጉን ኮት ለብሶ መጥቷል፤ ደረቱ ላይ አልዘጋ ብሎታል። እኔ ለበዓል ያስቀመጥኩትን ሻሽ አስሬ በባጃጅ ነው የመጣሁት፤ ባጃጅ ነጂው ፊቴን አይቶ "እህቴ፣ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው?" ብሎኛል።

ተራችን ማመልከቻ ባስገባንበት ቅደም ተከተል ስለሆነ ደረጀ ቀድሞ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የሳቅ ድምፅ ተሰማ። ደረጀ ሲወጣ ከበብነው። ይህ የእኛ ወግ ነው፤ ከፈተና የወጣ ሰው ያልገባውን ሳያማክር አይሄድም።

"ምን ጠየቁ?"

"ያችኑ የቲቸርን ጥያቄ! አምስት ዓመት!" አለ ደረጀ በዚያ ድምፁ። "መልሷን ለቀቅኳት። ፈገግ አሉ እኮ! ደስ ብሏቸዋል።"

ቀጥሎ ትዕግስት ገባች። አሁን ሳቁ ጎላ አለ። ስትወጣ ጉንጯ ቀልቷል።

"እንዴት ሆነ?"

"ያንኑ አልኳቸው። በጣም ሳቁ። ኬንያዊውማ ዓይኑን በሶፍት ጠረገ።"

"አላልኳችሁም? ወደዱት ማለት ነው!" አለ ደረጀ።

የሰይድም የእኔም ልብ ሰፋ አለ። ሳቅ ሰው ሲደሰት የሚመጣ ነገር ነው፤ የተከፋ ሰው አይስቅም፤ ስሌታችን ይኼው ነበር። "አብሽሪ" አለኝ ሰይድ የኮቱን ቁልፍ ለመቆለፍ እየታገለ። "ያቺን ዓረፍተ ነገር ብቻ አትሳቻት፤ የቀረውን አላህ ይጨርሰዋል።"

ስሜ ተጠራ። ገባሁ። "ቁጭ በይ" አሉኝ። ወይዘሮ ሰብለ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አስቀምጠው በእንግሊዝኛ ስሜንና ሥራዬን ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ከዚያ ሚስተር ጆሴፍ ወደ ሁለቱ ዞር ብሎ አየና፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ያቺን ጥያቄ ጠየቀኝ። "አሲያ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ?"

ወገቤን ቀና አደረግኩ። ፈገግ አልኩ። "አይ አም ሉኪንግ ፎር..."

"...ኤ ኒው ቻሌንጅ!" አሉ ሦስቱም በአንድ ላይ። ያ ዝምተኛ የሰው ሀብት ኃላፊ ሳይቀር "ኔክስት ሌቭል!" ብሎ ደመደመው። ከዚያ በሳቅ ፈረሱ።

አንባቢዎቼ፣ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ባንዴ ገባኝ። የደረጀ ፈገግታ ገባኝ፣ የትዕግስት ሶፍት ገባኝ። ደስታ ብለን ስንተረጉመው የቆየነው መሳቂያ መሆናችን ነበር። ጆሮዬ ድረስ ጋለ። በዓይኔ የታየኝ ያቺ ክፍሌ፣ የፋጡማ የትምህርት ቦርሳ፣ ወንድሜ ምሳ ላይ የሚያስቀምጠው ሰው ነበር። አለቀ፣ ሰኔ መጣ አልኩ በልቤ።

ወይዘሮ ሰብለ ሳቃቸውን ገታ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አሉ፤ ወደ አማርኛም ተመለሱ። "ይቅርታ፣ የኔ ልጅ። በአንቺ አይደለም። መምህራችሁ አንድ ነው መሰለኝ?"

"አዎ፣ አንድ ናቸው" አልኩ።

"ጥሩ አስተማሪ ናቸው። ግን እኔ ስለ አንቺ እስካሁን ምንም አልሰማሁም። አንቺ የሠራሽውን ንገሪን። ከሥራ ድርሻሽ በላይ የሆነ ነገር የተሸከምሽበት ቀን አለ?"

አፌን ከፈትኩ። "እኛ እንደ ቡድን..." አልኩ። "በአላህ ፈቃድ፣ ከማኅበረሰቡ ጋር፣ እኛ..."

"‘እኛ’ን ቀጥሬ አላውቅም" አሉ ወይዘሮ ሰብለ፤ አነጋገራቸው ግን ክፉ አልነበረም። "ዛሬ የምቀጥረው አንድ ሰው ነው። አንቺስ?"

እዚህ ላይ ተሰካሁ። ቃል አጥቼ አይደለም። እኛ ቤት ‘እኔ እንዲህ አደረግኩ፣ እኔ እንዲያ ፈጠርኩ’ የሚል ሰው ገና ሳይጨርስ አባቴ "ምስክርህ የት ሄደ?" ይለው ነበር። ሰው ሲያመሰግነኝ እንኳ ወዴት እንደማይ ይጠፋኛል፤ ራሴን ላመሰግንማ እንዴት ብዬ? ሚስተር ጆሴፍ ሰዓቱን አየ። ሰዓቱን ሲያይ ነው የነቃሁት። ምናልባት የሕይወቴን ዕድል ከበር ላይ እየመለስኩት ነው፤ እንግዲህ ነውርም ቢሆን በሆነ መንገድ ማለፍ አለብኝ አልኩ።

"ስለማውቃት አንዲት ሴት ላውራችሁ?" አልኩ በእንግሊዝኛ።

ወይዘሮ ሰብለ በረጅሙ ተነፈሱ። "እሺ፣ አጭር ይሁን" አሉ።

"አንዲት የመስክ ሠራተኛ አለች" ብዬ ጀመርኩ። ለዓመታት የሰው ነገር ለእንግዳ ስተረጉም ኖሬያለሁ፤ የሌላ ሰው ታሪክ ሲሆን ምላሴ ይፈታል። "ሁለት መንደሮች አንድ የእጅ ፓምፕ ይጋራሉ። አንዱ የበርታ መንደር ነው፣ አንዱ የሰፋሪዎች። ፓምፑ በጓጉንቸር ቁልፍ ይዘጋል፤ መክፈቻው በአንድ ሰፋሪ እጅ ነው። አንድ ቀን ያ ሰው መክፈቻውን ኪሱ ከቶ ገበያ ሄደና እዚያው አመሸ። በጋ ነው። ሴቶቹ ጄሪካን ይዘው ሲጠብቁ ዋሉ። በመጨረሻ አንድ የበርታ ጎረምሳ ቁልፉን በድንጋይ ሲመታ የፓምፑ እጀታ አብሮ ተሰበረ። በማግስቱ ሁለቱ መንደሮች ዱላ ይዘው ፊት ለፊት ቆሙ።"

ሚስተር ጆሴፍ ሰዓቱን ማየት ተወ።

"ያቺ ሴት ከሥራ ባልደረባዋ ጋር በሞተር ደረሰች። አስተባባሪያቸው አዲስ አበባ ሕክምና ላይ ነበሩ፤ ስልካቸው አይሠራም። ባልደረባዋ ተመልሰን ወረዳ እናመልክት አላት፤ እሱም ልክ ነበር፣ መመሪያው እንደዚያ ይላል። እሷ ግን እስክንመለስ ድረስ ይመታታሉ ብላ ከሞተሩ ወረደች። የሁለቱንም ቋንቋ ስለምታውቅ መሀላቸው ቆማ መተርጎም ጀመረች። ሁሉም የራሱን በደል ለመናገር ሲሻማ አንድ ነገር ለመነቻቸው፤ እያንዳንዱ ወገን ከራሱ በፊት የዚያኛውን ወገን ቅሬታ ይናገር አለች። ተቆጧት። ቆይቶ አንድ የበርታ ሽማግሌ ‘እነሱ የሚሉት ንብረታችንን ሰበራችሁ ነው’ አሉ። ከወዲያ ማዶ አንዲት እናት ‘እነሱ የሚሉት ልጆቻችን ተጠምተው ዋሉ ነው’ አለች። እናትየዋ ይህን ከተናገረች በኋላ ዱላ ይዞ መቆም ለሁሉም ከበደ።"

"ከዚያስ?" አሉ ወይዘሮ ሰብለ።

"ከዚያ ያቺ ሴት አንድ ውሳኔ ወሰነች። ሁለት መክፈቻ ይሁን፣ ከየመንደሩ ለአንድ አንድ ሴት ይሰጥ አለች። መመሪያው አንድ ጠባቂ ብቻ ነው የሚለው፤ ያውም በአስተባባሪው ፊርማ። ባልደረባዋ ፈራ። እሷም ፈርታ ነበር፤ ግን ስህተት ከሆነ የምጠየቀው እኔ ነኝ አለችው። እጀታው ተጠገነ። ያ ፓምፕ እስከ ዛሬ ይሠራል።"

ስናገር የገረመኝ አንድ ነገር ነበር። ቲቸር ገመቹ ያስጠኑኝ ቃላት ሳልጠራቸው ይመጡ ነበር። ‘ቱክ ኦን ሪስፖንሲቢሊቲ’ ስል አፌን አላደናቀፈኝም፤ ኃላፊነቱን የወሰደች ሴት ስለነበረች ሌላ ምን ይባላል? ‘ቢልት ትረስት’ ስል ደግሞ የእነዚያ ሁለት ሴቶች ፊት ይታየኝ ነበር።

ሚስተር ጆሴፍ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ይቺ ሴት አሁንም እዚያው ትሠራለች?"

"እስከ ሰኔ" አልኩ።

"ለምን እስከ ሰኔ?"

"ኮንትራቷ ያልቃል።"

ወይዘሮ ሰብለ መነጽራቸውን አውልቀው በዓይናቸው ያዙኝ። "ስሟ ማነው?"

ወለሉን አየሁ። "አሲያ" አልኩ። በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም። "አመሰግናለሁ፣ ጨርሰናል" አሉኝ፤ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፣ ብቻ በሩን አገኘሁት።

በሩ ላይ ሰይድ ቆሟል። ደረጀና ትዕግስት ሻይ ፍለጋ ከግቢው ወጥተዋል። ሰይድ የኮቱን ቁልፍ በመጨረሻ ቆልፎታል፤ ትንፋሹ ግን ተቆልፎበታል።

"ሳቁ?" አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ። በዚያች ቅጽበት ማድረግ የነበረብኝ ጭንቅላቴን መነቅነቅ ብቻ ነበር። ውሸት እንኳ አይሆንም፤ ስቀዋል። ሰይድ ሮጦ ይገባል፣ ወርቁን መልስ ይናገራል፣ ይስቁበታል፣ እኔ ደግሞ ታሪክ የነገርኩ ብቸኛዋ ሰው ሆኜ እቀራለሁ። ከአራታችን እኔን በሥራ የሚያስከነዳኝ ሰው ካለ እሱ ነው፤ ይህንን አሳምሬ አውቃለሁ። የፋጡማ ፊት መጣብኝ። ቀጥሎ አራሷ ሚስቱ መጣችብኝ፤ ባለፈው ጁምዓ ልጇን አሳቅፋኝ ነበር። ከውስጥ ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማል። አሁን ይጠሩታል።

"ምነው አፈጠጥሽብኝ? ሳቁ ወይስ አልሳቁም?"

የኮቱን እጀታ ይዤ ከበሩ ፈቀቅ አደረግኩት። "ሰይድ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዳትናገራት።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"የሳቁት ወድደው አይደለም። ሁላችንም ያንኑ ስለምንል ነው። እኔንማ አብረው ነው የጨረሱልኝ።"

ፊቱ አመድ መሰለ። "ያ ረቢ! ታዲያ ምን ልበል? እኔ እኮ ሌላ እንግሊዝኛ የለኝም!"

"አለህ። ከሥራ ድርሻህ በላይ የሆነ ቀን ይጠይቁሃል። የሆነውን ንገራቸው። እንዳታሳምረው፤ የሆነውን ብቻ።"

ስሙ ተጠራ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረ። "አሲያ፣ ይህን ባትነግሪኝ ይሻልሽ ነበር እኮ" አለ። እንደ ጥያቄም እንደ ምስጋናም ነው። መልስ ሳይጠብቅ ገባ።

ማንጎው ሥር ብቻዬን ተቀመጥኩ። ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። ሳቅ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ጊዜው ረዘመ፤ አሁንም ሳቅ የለም። ያ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ እያዳመጡት ነው። ‘ምን አስቀባጠረኝ’ አልኩ፣ ወዲያው ‘አስተግፊሩላህ’ አልኩ፣ እንደገና ‘ግን ምን አስቀባጠረኝ’ አልኩ። እንግዲህ ደግ ሥራ የሠራ ሰው ልቡ በሰላም ይሞላል የሚሉትን አትመኑ፤ እኔን የሞላኝ ንዴት ነው።

ሰይድ ሲወጣ ኮቱ ተከፍቷል፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

"ምን አልካቸው?"

"እንዳልሽኝ። የሆነውን" አለና ዓይኔን ሳያይ ባጃጅ ጠርቶ ሄደ። አስከፍቼው ይሆን? ወይስ ተሳክቶለት አፍሮኝ ነው? ሁለተኛው እውነት መሰለኝ። ማታ ለፋጡማ ስለ መንጌ ትምህርት ቤት ደህና ደህናውን አወራኋት። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም፤ "አላለፍሽም ማለት ነው?" አለችኝ። "ገና አልታወቀም" አልኳት።

ሳምንቱ እንደ ምንም አለቀ። ስልኬ ሲደወል ገበያ መሀል በርበሬ እያስመዘንኩ ነበር። ወይዘሮ ሰብለ ናቸው። "አሲያ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ቦታው የአንቺ ነው" አሉ። ባለ ሚዛኗ ሴትዮ ጩኸቴን ሰምታ መርዶ የተረዳሁ መስሏት "እኔን እህቴ!" ብላ ከወንበሯ ተነሣች። አቀፍኳት። በርበሬውን እዚያው ረስቼ ሄድኩ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ጉራ ይሆን ነበር፤ አባቴም ምስክር ይጠይቀኝ ነበር። የቀረውን ያወቅኩት ኮንትራቱን ስፈርም ነው። ወይዘሮ ሰብለ ወረቀቱን እየሰበሰቡ "እውነት ለመናገር በር ላይ ስትወጪ ልቤ ተከፍሎ ነበር" አሉኝ። "ያቺ ሴት አንቺ መሆንሽን የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። ሰው ስለ ራሱ ብዙ ይላል። የመጨረሻው ልጅ ባይነግረን ኖሮ ልንቀጥርሽ እንቸገር ነበር።"

"ሰይድ? እሱ ምን አለ?"

"ያንኑ የፓምፕ ታሪክ። ‘ኃላፊነት የወሰድክበትን ቀን ንገረን’ ስንለው፣ ‘እኔ ሞተሩን አዙሬ ነበር፤ የወረደችው አሲያ ናት’ አለን። ሌላ የራስህን ጨምር ብንለው ‘እንደዚያ ያለ ቀን እስካሁን አልገጠመኝም’ አለ።"

ፊርማዬ ላይ እንባዬ ጠብ ሳይል በመሀረብ ያዝኩት። ከዚያ በቀጥታ ሞተሬን አስነሥቼ ወላጆቹ ወዳሉበት ሰፈራ መንደር ነዳሁ። ሰይድ ግቢው ውስጥ ልጁን ታቅፎ ፀሐይ ያሞቃል።

"ለምን እንደዚያ አደረግክ?" አልኩት ሰላምታ ሳልሰጥ።

"ምን አደረግኩ?"

"ያንተን ዕድል ለእኔ ሰጠኸኝ!"

"ኧረ ተይኝ! የሰጠሁሽ ነገር የለም" አለ። "የሆነውን ንገራቸው አልሽኝ፤ የሆነው እሱ ነው። ልቀይረው ኖሯል? ያንን የበርታ ሽማግሌ ያስታረቅኩት እኔ ነኝ ልበል?"

"ልጅ አለህ እኮ፣ ሰይድ።"

"ለእሱ ስል ነዋ" አለ ልጁን እያየ። "ነገ አባዬ እንዴት ሥራ ያዝክ ሲለኝ በሰው ታሪክ ልበለው? ግቢና ተቀመጪ አሁን፤ እናቴ ሞተርሽን ሰምታ ገንፎ አቅርባልሻለች።"

ገባሁ፣ ገንፎውን በላሁ፣ ዘይቱ እጄ ላይ እየፈሰሰ አለቀስኩ፣ የሰይድ እናት ደግሞ "ምን ነካት ይቺ ልጅ፣ በርበሬው ነው?" እያሉ ውኃ ያቀርቡልኝ ነበር።

ለቲቸር ገመቹም ሄጄ ሁሉንም አጫወትኳቸው። መጀመሪያ ተቀየሙ፣ ኋላ በጣም ሳቁ። "ለአራት ሰው አንድ ልክ ልብስ ሰፍቼ!" አሉ ጭንቅላታቸውን ይዘው። አሁን ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ በገዛ ቋንቋው አንድ የሠራውን ነገር ሳይናገር እንግሊዝኛውን አይሰጡትም። የበርታው በበርታኛ፣ የሺናሻው በሺናሽኛ ይናገራል፤ እሳቸው ቋንቋውን ባይሰሙትም ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ።

እንግዲህ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ቃላቱን አትማሩ አልላችሁም። ተማሯቸው፤ እኔ ያለ እነሱ ሚስተር ጆሴፍ ፊት ድዳ ነበርኩ። ስለ ራስ መናገርም ሁልጊዜ ጉራ እንዳልሆነ ያን ቀን ገብቶኛል፤ የሠራሽውን ካልተናገርሽ ሰው ሊያውቅልሽ አይገደድም። ከሁሉ በላይ የለወጠኝ ግን በሩ ነው። ከወንበሩ ይልቅ በሩ ላይ ነው የተፈተንኩት። እንደ እውነቱ ከሆነ ያን ጊዜ ጭንቅላቴን ነቅንቄ ዝም ብል ኖሮ፣ ሰይድ ወርቁን መልስ ይናገር ነበር፣ እነሱም ይስቁ ነበር፣ ለእኔ የሚመሰክርልኝ አንድም ሰው አይኖርም ነበር። እኔ ግን ይህን ሁሉ አስልቼ አይደለም የነገርኩት። የነገርኩት ልጁን ስላቀፍኩት ነው። እናንተም አንድ ቀን ከአንድ በር ትወጣላችሁ፤ ከውጭ የሚጠብቃችሁ ሰው "ምን ጠየቁ?" ይላችኋል። ያን ጊዜ እኔን አስታውሱኝ።

ሰይድ ሥራ አጥቶ ብዙ አልቆየም። ባምባሲ ባለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ውስጥ ተቀጠረ፤ ማንጎ ሳይበላሽ ገበያ እንዲደርስ ማድረግ ነው ሥራው። አንዴ ዝናብ መንገዱን ሲዘጋው አንድ ሙሉ መኪና ማንጎ ሊበሰብስ ሲል፣ ከአለቃው ፈቃድ ሳይጠብቅ አህያ ያላቸውን ሁሉ ሰብስቦ ጭነቱን እንዳወጣው ከሰው ሰምቻለሁ፤ እሱ አልነገረኝም። በቅርቡ የክፍል ኃላፊነት ቦታ ወጥቶ ተወዳደረ። የተወዳደረ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ፤ ድምፁ ከሩቅ ይስቃል።

"አለፍኩ" አለኝ።

"አልሐምዱሊላህ! ቃለ መጠይቁስ? የማንን ታሪክ ነገርካቸው?"

"የራሴን" አለ። "አሁን አለኝ።"